በልጅ ልክ

ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄደ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥራ ወይም መኪናው ላይ በተዘረጋው ጨርቅ ነው። እኔ ወለሉን ማየት እወዳለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ከሚውሉት ሰፊዎች እግር ሥር ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ ይጠራቀማል፤ የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የካኪ ጫፍ፣ ከነጭ ፖፕሊን የተረፈ ቀጭን ብጣሽ፣ አንዳንዴም ከጥልፍ ቀሚስ የወደቀ የሚያብረቀርቅ ክር። ጠዋት ተጠርጎ ቀትር ላይ እንደገና ይሞላል። ሰፊው ዞር ብሎም አያየውም። ለቀም የሚያደርጉት ልጆች ናቸው።

አንዲት የአምስት ዓመት ግድም ልጅ ብጣሽ ስትመርጥ ቆሜ አይቻለሁ። የጨርቁን ጫፍና ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ትስበዋለች፤ የሚለጠጠውን ትጥለዋለች፣ የማይለጠጠውን ብብቷ ሥር ትወሽቀዋለች። ምክንያቷን ስጠይቃት መልሱ ዝግጁ ነበር፤ የአሻንጉሊት ወገብ በሚለጠጥ ጨርቅ ከታሰረ ይፈታል። ወንድሟ ግን ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የጨርቅ ኳስ ሆድ ምርጫ የለውም። እራፊው ካልሲ ውስጥ ይጠቀጠቅና አፉ በመርፌ ይያዛል፤ ሲመሽ ኳሷ ሰፈሩን ስታዞር ታመሻለች። ችግር ባለበት አገር ስላሉ ልጆች ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው የሚሰጣቸውን ነው። እነዚህ ሁለቱ ማንም ሳይሰጣቸው ሥራ ጀምረዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚይዘው ግን የጠርዝ ነገር ነው። ከገጠር የወረደች እናት ለልጇ ሱሪ ስታሰፋ ቆመህ ብትሰማ የምትለው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። «ወንድምዓለም፣ ለቀቅ አድርገህ ስፋልኝ፤ ያድጋል እኮ።» ሰፊውም ይህን ሰምቶ የኖረ ነውና «እታለም፣ አራት ጣት አጥፌልሻለሁ፤ ለከርሞም ይሆነዋል» ይላታል። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ለማደጊያ የሚተወውን ትርፍ የሚለካው በጣቱ ነው። ያን እጥፋት በጥቅጥቅ ስፌት አይደፍነውም፤ ነገ በቀላሉ እንዲፈታ ሰፋ ሰፋ አድርጎ በእጅ መርፌ ይይዘዋል። በዓመቱ ምላጭ ገብቶ ክሩ ይፈታል፣ የታጠፈው ይወርዳል፣ ከሥሩም ፀሐይና ሳሙና ያልነካው ጨርቅ ብቅ ይላል። መስመሩ አይጠፋም። ሁለቴ የተለቀቀ ሱሪ ሁለት መስመር አለው፤ ያየ ሰው ልጁ በዚያ ቤት ስንት ክረምት እንዳደገ ያነብበታል።

ጠርዙ ሳይለቀቅ የሚቀርበት ልጅም አለ። የሱሪው ጉልበት አልቆ ተጥፏል፣ መቀመጫው ሳስቷል፣ ታች ያለው አራት ጣት ግን እንደታጠፈ ነው። ዕድሜው ጨመረ፣ ቁመቱ አልጨመረም። ሐኪሞቹ መቀንጨር ይሉታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ልጆች ከ100ው 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱ ስሙን የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ሥራውም መጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ስለ ቃል ኪዳኑ የሚጻፈው ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ተጨማሪ ምግብ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ዶሮና ስለ ጓሮ አትክልት ነው፤ ትክክልም ነው፤ ልጅን የሚያሳድገው እሱ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ዝርዝር ጥግ ላይ መርፌና ክር ቢጻፍ እወዳለሁ። ለምን እንደሆነ ልናገር።

ሰቆጣ ያለችበት የዋግ ስም ሲነሣ ለብዙ ሰው የሚታየው ቆላው ነው፤ ተከዜ፣ የዝቋላና የአበርገሌ ሐሩር፣ ፍየልና ማር። ደጋውን ግን አንርሳ። ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ በጋዝጊብላና በዳህና ደጋዎች ደግሞ ከዚያም ወጣ ያለ ቦታ ላይ ሰው ይኖራል፣ ልጅ ይወለዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ የአንድን ሕፃን ጉልበት በዝምታ ይበላል፤ የበላው ጥቂት ምግብ ለማደግ መዋሉ ይቀርና ሰውነቱን ለማሞቅ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲታከም በተራ ሊደረጉ የሚገባቸውን 10 እርምጃዎች አስቀምጧል። የመጀመሪያው በደም ውስጥ ያለው ስኳር እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ እንዳይወርድ ማድረግ ነው፤ ልጁ ይልበስ፣ ራሱ ይሸፈን፣ ሌሊት እናቱ አቅፋው ትተኛ ይላል። ከመድኃኒቱም ከልዩ ወተቱም በፊት ጨርቅ ይመጣል ማለት ነው።

ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በዋግ ዛሬም አሉ። በ1977ቱ ድርቅ ዋግ ክፉኛ ከተመቱት የወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። ያኔ ዓለም በቴሌቪዥን ያያት ቆረም ደጋ ናት። ሜዳ ላይ ላደረ ሕዝብ ቀን የመጣው እህል አንድ ነገር ሆኖ፣ ሌሊት የሚሸፍነው ብርድ ልብስ ሌላ ነገር ነበር። ረኃብ ያደከመውን ሕፃን ጎሕ ሲቀድ የነበረው ብርድ ይጨርሰው ነበር።

ስለዚህ ስለ አንዲት ቆብ ላውራ። ከሚሰፋ ነገር ሁሉ የመጨረሻዋ ቀላል ናት፤ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ይሰፋታል። ሕፃን ሲወለድ ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ ከቆዳው ስፋት አምስተኛው ያህል እዚያ ነው ያለው፣ ሙቀቱም በዚያው ያመልጣል። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብርዱ ገብቶበታል ማለት ነው። ቆቧን ለመሥራት ያልሳሳ የአዋቂ ካናቴራ ይበቃል፣ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። በፈላ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ እጅጌው ከብብት ዝቅ ብሎ ይቆረጣል። የአዋቂ ካናቴራ እጅጌ ዙሪያው 35 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ በጊዜው የተወለደ ሕፃን የራስ ዙሪያም 34 ወይም 35 ሳንቲ ሜትር ነው። አባትየው ክንዱን ያሳረፈበት ጨርቅ ለልጁ ራስ ልክ ሆኖ መገኘቱ በየጊዜው ይገርመኛል። ፋብሪካው የዘመዘመው ጫፍ ግንባሩ ላይ ይውላል፣ የተቆረጠው ከላይ ተሰብስቦ ይሰፋል። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቋጠሮው እርግብግቢቱን ይጫነዋል። ማሰሪያ ክር አያስፈልገውም፤ ክር አንገት ያንቃል። ቁልፍም አይሰፋበት፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል። የግድ ያምር ከተባለ ጠርዙ ላይ አንድ ዙር ባለ ቀለም ክር ይበቃዋል። ከአንድ ካናቴራ ሁለት ቆብ ይወጣል፤ ከደረቱና ከጀርባው የሽንት ጨርቅ። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደው እጅጌው ይሰፋዋል፤ ጎኑን ሁለት ጣት ማጥበብ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ አገራችን የሕፃን ራስ ቅቤ ይቀባል። ቆቧ በየቀኑ ትቆሽሻለችና ለአንድ ልጅ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ቢቻል ሦስት መስፋት ነው።

እንዲህ ያለች ቆብ በትልቅ ሕክምና ውስጥ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥን ቢያንሳቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት እናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ በቆዳ አድርገው ማሰር ጀመሩ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። ሕፃኑ የሚለብሰው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ቆብ፣ ካልሲና የሽንት ጨርቅ። ሌላው ልብስ እናቱ ናት፤ ሁለቱን አጥብቆ የሚይዝ አንድ ሰፊ መቀነት ይጨመራል። በእኛም አገር ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሞክረውት፣ እናቱ ደረት ላይ ከታሰረው ወገን የሞተው እንደሚያንስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ልጅን በገላ ላይ አጥብቆ ማሰር ለኛ እናቶች እንግዳ አይደለም። አንቀልባው ቆዳው ለስልሶ፣ ዛጎሉ ተደርድሮ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስባቸው ቤቶች አሉ። አንቀልባው ከሌለ ነጠላም ያዝላል። ልዩነቱ ከጀርባ ወደ ደረት መዞሩ ነው፤ ዋግ ውስጥ አንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም ያለባት አይመስለኝም።

አሁን ከሩቅ ወደሚላከው የልብስ ከረጢት ልምጣ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ከደረሰ ወዲህ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማዋና በወለህ መጠለያ ከርመዋል። ቀጥሎ ደግሞ ድርቁ መጣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሩቅ ዘመድም የማያውቁት ሰውም ልብስ ይልካል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከረጢቱ ተፈትቶ መሬት ላይ ሲዘረገፍ ግን የሚወጣውን ልብ ብሎ ማየት ደግ ነው። የትልቅ ሰው ኮት፣ የከተማ ሴት ሸሚዝ፣ ዚፑ የተነቀለ ጃኬት፣ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ቀጭን ቲሸርት። ልጆቹ ከሁሉም በኋላ ናቸው፤ የሚደርሳቸው የአዋቂ ልብስ ይሆንና እጅጌው ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለብሱታል። ያ ልጅ ሲሮጥ ይደናቀፋል፣ ውሃ ሲቀዳ እጅጌው ይነከራል፣ ከእኩዮቹ መካከል ሲቆም ተፈናቃይነቱ ከሩቅ ይለያል። ሞቆታል፤ ለብሷል ለማለት ግን እቸገራለሁ። አንዲት መቀስና አንድ ሰፊ እዚያ ቢኖሩ ግን ያ ኮት ሁለት የልጅ ካፖርት ነው። ገበሩ ተፈቶ እንደገና ይገባል፣ ቁልፎቹ ይበቃሉ፣ ኪሱም ሳይፈርስ ወደ ታች ይወርዳል።

በሰው አገርም ለማያውቁት ልጅ የሚሰፉ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን የተጀመረ አንድ ሥራ አለ፤ ሴቶች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ከትራስ ልብስ የሴት ልጅ ቀሚስ ይሰፋሉ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ የትራሱ ልብስ ጎኑም ታቹም ድሮ ተሰፍቷል፣ የሚቀረው ከላይ ብብቱን መቁረጥና ጥብጣብ ማስገባት ነው። እጅጌ ግን የለውም። ለሞቃት አገር የታሰበ ነው፤ ለዝቋላ ቆላ ይሆናል፣ ለጋዝጊብላ ጠዋት አይሆንም። እዚያ ሆና የምትሰፋው አሮጊት ይህን በምን ታውቃለች? የሚያውቀው በረንዳ ላይ የተቀመጠው የሰቆጣ ሰፊ ነው። የልጅቷን ትከሻ ዛሬ ጠዋት አይቶታል፣ ካፊያው በየትኛው ሰዓት እንደሚጀምር ያውቃል፣ ለማደጊያ አራት ጣት መተው እንዳለበትም ማንም አይነግረውም። ጨርቁ ከሩቅ ይምጣ፤ ልኩ ከዚህ ይወሰድ፣ ስፌቱም እዚሁ ይሰፋ፣ የእጁም ይከፈለው ባይ ነኝ። በድርቅ ዓመት ልብስ የሚያሰፋ ሰው የለም፤ ሰፊውም ልጆች አሉት።

በዚህ ነገር ላይ የኛ ሴቶች ታሪክ አጭር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቱ ጦር ከሰማይ መርዝ ሲያዘንብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ልዕልት ፀሐይ ያሉበት የሴቶች ማኅበር ለዘማቹ ፋሻ ያዘጋጅ፣ ከጨርቅም የጋዝ መከላከያ ጭምብል ይሰፋ ነበር። የእቴጌ መነን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ስንቷን አስተምሯል። በኋላ ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበና አሉ፤ ልጆቻቸው «እዳዬ» የሚሏቸው። በ1972 ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው ወሎ ውስጥ የረኃቡን ነገር በዓይናቸው አዩ፤ ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ገቡ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ሰኔ 27 ቀን 2013 እስካረፉ ድረስ ያሳደጉትን ቁጥር እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚማርከኝ በድርጅታቸው ውስጥ ሽመናው፣ ጥልፉና ስፌቱ መግባቱ ነው። የተቀበሉትን ልጅ ማልበስ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያለብስ እጅ ሰጥተው ሸኝተውታል።

የትምህርት ቤት መንገድ ላይ ልጆች ሲያልፉ የምመለከተው እጃቸውን ነው። ደብተር በፌስታል ይያዛል፤ ፌስታሉ ጆሮው ሲበጠስ ደብተሩ በብብት ይሆናል፤ ሐምሌ ከመድረሱ በፊት ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው የዓመቱ ትምህርት ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ፈተና ደግሞ ያኔ ነው። ለዚህ የሚሆን ዕቃ በየገበሬው ቤት አለ፤ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት። ዝናብ ቶሎ አያሳልፍም፣ ክብደት ይችላል። አንዱ ከረጢት ሁለት የደብተር ቦርሳ ይወጣዋል። ከውስጥ የማዳበሪያ ዱቄት ይቀራልና በደንብ ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ሲቆረጥ ጫፉ ይተረተራል፤ ሁለት ጊዜ ካልታጠፈ ስፌት አይዝለትም። ማንገቻው ከራሱ ከረጢት በሦስት ተደርቦ፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ደግሞ በእራፊ ተሸፍኖ ይሰፋል፤ አለዚያ የልጅ ትከሻ ይልጣል። ክዳኑ እስከ ግማሹ የሚወርድ ይሁን። «50 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ የተሸከመ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አይቼ፣ ሰፊው ጽሑፉን ወደ ውስጥ ቢያዞርለት ብዬ አዝኛለሁ። ገልብጦ ለመስፋት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ክር የለም፤ ማሰብ ብቻ ነው። የድሃ ልጅ ዕቃ፣ ያምርለት የሚል ሰው ሲሰፋው ነው የሚያምረው።

የወንዱን ቦርሳ ካነሣሁ የሴቷን ሌላ ጭንቀት ዝም ብዬ አላልፍም። የወር አበባዋ ሲመጣ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ በየሰፈራችን አለች። ሱቅ ያለው ሞዴስ ብር ይጠይቃል፤ እሱም በየወሩ። መቀሌ ላይ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ የሠሩትን እዚህ ማንሣት ግድ ነው። አሜሪካ ኬሚካል ምህንድስና ተምረው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ በልጅነታቸው ይኸው ነገር ሲደርስባቸው የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፣ የነበራቸው እራፊ ጨርቅ ነው። እየታጠበ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል የጨርቅ ሞዴስ ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ፣ ከአራት ዓመት በኋላም በልጃቸው ስም የሰየሙትን ፋብሪካ ከፈቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና አላቸው። ከመቀሌ እስከ ሰቆጣ ሩቅ አይደለም፤ መሐሉ ግን ስንት ነገር ተቃጠለበት። የሁለቱም ወገን ልጃገረድ የምትፈልገው ጨርቅ አንድ ዓይነት ነው።

ይህም በእጅ የሚሰፋ ነገር ነው፤ ብልሃቱ ግን ዋግን ማወቅ ይፈልጋል። ከላይ ገላን የሚነካው ለስላሳ ጥጥ፣ መሐሉ ውሃ የሚመጥ ድርብ ጨርቅ፣ ከታች የማያሳልፍ። ሁሉንም አንድ ላይ አወፍሮ መስፋት ስህተት ነው፤ ወፍራም ጨርቅ ለመታጠብ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ለመድረቅም ሁለት ቀን ይፈጃል። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት አገር የመሐሉ ድርብ ተለይቶ እንዲወጣ ተደርጎ ሲሰፋ በጥቂት ውሃ ይጸዳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቀለሙ ጠቆር ያለ ይሁን። ደግሞም ፀሐይ ሊያገኝ ይገባዋል፤ በእፍረት ፍራሽ ሥር የሚደርቅ ጨርቅ እርጥበቱ ሳይወጣ ተመልሶ ይለበሳል፣ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ሁለት ጠርዙ ሲታጠፍ ተራ መሐረብ እንዲመስል አድርጎ አበባ ባለበት ጠቆር ያለ ጨርቅ ገጹን መሸፈን ይቻላል። ያኔ ገመድ ላይ ቢሰጣ ወንድሟም አባቷም አልፈውት ይሄዳሉ።

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ የሰቆጣ ልብስ ሰፊ ሌላ ሥራ ይይዛል። ሻደይ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋግ ልጃገረድ ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ለምለም ቅጠል ወገቧ ላይ አስራ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከእኩዮቿ ጋር ከበሮ ይዛ ትወጣለች፤ በአማርኛም በኽምጣናም ትዘፍናለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ቀን ነው። በዚያ ሳምንት በር ላይ ቆማ ሌሎቹን የምታይ ልጅ ካለች አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀሚስ ነው። ስለ ችግረኛ ልጅ ስናስብ ቅድሚያ ለሚያስፈልጋት ብለን ብርድ ልብስና ሳሙና እንቆጥራለን፤ ልክ ነው። እኔ ግን የሻደይ ቀሚስም ከሚያስፈልጋት ነው ብዬ አጥብቄ እከራከራለሁ። ከነጭ አቡጀዲ ተሰፍቶ ደረቱና ታቹ ላይ ብቻ ጥልፍ የተጣለበት ቀሚስ ብዙ ወጪ የለውም፤ ጥልፉንም ታላላቅ እህቶቿ በእጅ ይጥሉታል። ተፈናቅላ የመጣች ልጅ ያን ለብሳ ከሰቆጣ ልጆች ጋር ስትሰለፍ ከየትኛው መጠለያ እንደመጣች የሚለያት የለም።

አንባቢዬ፣ ለዋግ ልጅ ልብስ ለመላክ አስበው ከሆነ እባክዎን ቁም ሣጥንዎን ከመክፈትዎ በፊት እዚያ ለሚያውቁት አንድ ሰው፣ ለመምህርት ይሁን ለጤና ኤክስቴንሽን፣ ይደውሉና ስለ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ስንት ናቸው፣ ቁመታቸው ስንት ነው፣ ደጋ ነው ቆላ ነው። ከዚያ ጣቃውን፣ ክሩን፣ መርፌውንና ቁልፉን ይላኩ፤ የሰፊውን የእጅ ዋጋ ደግሞ አብረው ይላኩ። ያረጁ የጥጥ ካናቴራዎችም ካሉዎት አጥበው ይጨምሩ፤ እጅጌያቸው ይፈለጋል። ለሻደይ የሚሆነው ጨርቅ ነሐሴ ከመግባቱ በፊት፣ ሰኔ ላይ ሰቆጣ መድረስ አለበት፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻልና።